ጨው ያነሰው ጥርስ

ሰው ወርቅ ጥርስ ከተሠራለት በኋላ ጨው አነሰህ ተብሎ ከሥራ የሚባረረው በምን ሕግ ነው? ይህ ጥያቄ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ያዘኝ፤ እስከ ቀትር ድረስም አለቀቀኝም። በር ላይ ቆሜ የሰው ምስጢር የምሰማ ሴት አይደለሁም፤ ፎጣ ላቀብል ሄጄ ነው። የልጅ ልጄ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ፎጣ መርሳት አመሏ ነው፤ እርጥብ ጸጉሯን ይዛ በኮሪደሩ ብርድ ውስጥ ስትሮጥ እንዳይመታት ስለምፈራ ቀድሜ እጀታው ላይ አንጠለጥልላታለሁ። ዛሬ ግን ውኃው አይወርድም። ልጅቱ ስልክ ላይ ናት። «ጨው አንሶታል እያልኩዎት እኮ ነው» ትላለች ድምጿን አፍና። «ወርቅ ብናለብሰው ምን ዋጋ አለው? ጥርሱ መርገፉ አይቀርም።» ከዚያ በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰውዬ ብዙ ተናገረ መሰለኝ። «ሰውየውስ ምን አጠፋ? ከሥራ ሊያባርሩት እኮ ነው!» አለች። በመጨረሻ፣ እኔ በማላውቀው የለሰለሰ ድምፅ፣ «እሺ... እሺ ጌታዬ... ከሰዓት እሄዳለሁ፣ እንዳሉኝ እናገራለሁ» ብላ ዘጋችው። ሌላው ሌላው ባይገባኝም ይቺ «እሺ» ገባችኝ። ይቺ ልጅ በልጅነቷ ካሮት ብዪ ስላት እንኳ እሺ ብላኝ አታውቅም። ፎጣውን እንደያዝኩ በእግሬ ጣት ተመለስኩ።

ስለ ሥራዋ ብዙ አታጫውተኝም፤ እኔም አልፈርድባትም። ጠንካራ ብረት የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ፣ ፍተሻ ክፍል ነው የምትሠራው። ገና የተቀጠረች ሰሞን፣ ብረቱ በዱቄት ተጀምሮ እንደሚጋገርና የምድጃው ግለት የት ድረስ እንደሆነ ብትነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። ዱቄቱ ሳንባዋ ሲገባ፣ የምድጃው በር ሲከፈት ወላፈኑ ፊቷን ሲልሳት እየታየኝ፣ አፏን በሻሽ ጠቅልላ እንድትሄድ ስለምናት ከረምኩ። «እማማ፣ እኔ እኮ ማይክሮስኮፕ ፊት የምቀመጥ ሰው ነኝ» ትለኛለች። ማይክሮስኮፕስ ቢሆን ዓይን አያደክምም? ከዚያ ወዲህ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ስላት መልሷ «ጥሩ» ብቻ ሆነ። የልጄም ነገር ያው ነው። እሱ ቶርኖ ላይ ብረት ሲጠርብ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ የሚሽከረከር ነገር ፊት ስትቆም እጅጌህን ጠቅልል ሳልለው ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ሁለቱም ከኔ ጋር ነው የሚኖሩት፤ እናቷ ሥራ ይዟት ሌላ ከተማ ስለሆነች ልጅቱን ያሳደግናት እኔና አጎቷ ነን። እሱ «ዱቄቷ» ይላታል፤ እሷ «ጋሼ ፍቅፋቂ» ትለዋለች። ማታ ማታ ሲበሻሸቁ ቴሌቪዥኑ አይሰማም ነበር። ነበር ነው የምለው። ሰሞኑን ሆድና ጀርባ ሆነዋል፤ ምክንያቱን ደግሞ አንዳቸውም አይተነፍሱልኝም።

ቁርስ ላይ ይህንኑ ጥርስ እያሰብኩ እንቁላሉን አሳረርኩት። እንቁላል እንዲህ በተወደደበት ጊዜ! ጠረጴዛችን ጠባብ ነው፤ አንድ እግሩ ስለሚያነክስ ከግድግዳው ጋር አስደግፈነዋል፤ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ጉልበት ከጉልበት ይነካካል። እንዲህ ተጠጋግተው ሁለቱ አይተያዩም። ልጄ ፒጃማውን እንደለበሰ ነው የመጣው። «ማሽኑ ጥገና ላይ ነው» ካለኝ ሰንብቷል፤ ምን ዓይነት ማሽን እንደሆነ እንጃ፣ ከሰው ብሶ አልጋ የያዘው። ቅንድቡ ላይ ያለችው ቁስል ገና አልጠገገችም። የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን በር መታኝ ስላለኝ፣ የበሩን ጠርዝ ባሮጌ ካልሲ ሸፍኜ ሰፍቼዋለሁ፤ ቁም ሣጥናችን አሁን ከሆስፒታል የወጣ ይመስላል። ልጅቱ መጣች፤ «ደህና አደራችሁ» አለች፣ ለግድግዳው። ልጄ ጨው ፈለገ። የጨው ዕቃው ያለው እሷ ክርን ሥር ነው፤ እሱ ግን አሻግሮ እኔን «እማዬ፣ ጨው» አለኝ። እሷም እንዳልሰማ ሰው ሆና ዕቃውን በአንድ ጣቷ ወደ መሃል ገፋ አደረገችው። ጨው!

«እስቲ አፍህን ክፈት» አልኩት።

«ምን?»

«አፍህን ነዋ። ጥርስህን ልየው።»

«በቅሎ ልትገዢ ነው እንዴ እማዬ?»

ልጅቱን ሻይ ትን አላት። ልጄ ግን ስቄ እንደማልለቀው ሲያውቅ፣ በዚያ ዕድሜው፣ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተልኝ። መነጽሬን አድርጌ ብርሃን ወዳለበት አዙሬ አየሁት። ጥግ ላይ ካለችው ከጠቆረችው በቀር ሁሉም ጥርስ የራሱ ነው፤ ወርቅ የሚባል የለበትም። «ተመስገን» አልኩ። ለምን ተመስገን እንዳልኩ ሁለቱም አልጠየቁኝም። ለአንድ አፍታ ግን ዓይን ለዓይን ተገጣጥመው ከንፈራቸው ሳቅ ሊያመልጠው ደረሰ፤ ከዚያ እሷ ወደ ብርጭቆዋ፣ እሱ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ፤ ሳቁም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ከሻይ ጠብታው ጋር ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ቦርሳዋን አንጠልጥላ «ለምሳ እመጣለሁ» ብላኝ ወጣች። ጃኬቷን አልቆለፈችም። ደረጃው ላይ ቆሜ ብጮህ «እሺ» አለችኝ፤ ይሄኛው ግን የድሮው፣ የማትታዘዝበት እሺ ነው።

ከሕንፃችን ምድር ቤት ጥርስ ሐኪም አለ፤ እጁ ቀላል፣ ምላሱም እንደ እጁ ፈጣን ጎልማሳ ነው። ዳቦ የምገዛ መስዬ ወረድኩ። የሱን ክፍል አልወደውም፤ የቅርንፉድ ሽታውና የማሽኑ ፉጨት ጥርሴን ሳልታመም ያሳምመኛል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ሐኪሙ መብራት አብርቶበት ይቆፍረዋል። «ደህና ነኝ፣ እኔን አይደለም ያመመኝ፤ አንድ ሰው ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው» አልኩ በሩ ላይ ሆኜ።

«ይጠይቁ እማማ። እኚህም አይሰለቹም፤ መናገር ስለማይችሉ ጥሩ አድማጭ ናቸው።»

«ወርቅ የለበሰ ጥርስ፣ ጨው ቢያንሰው ይረግፋል?»

መሣሪያውን አጠፋው። «ጨው? ጨው ይቀንሱ ያለዎት እኮ የደም ግፊት ሐኪምዎ ነው፤ እኔን አያጣሉኝ።» ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ አፉን እንደከፈተ ሆዱ ተናወጠ። እንደማልቀልድ ከፊቴ ሲያውቅ ግን ሐኪሙ ጠጋ አለና ማን እንዳለኝ ጠየቀኝ። የልጅ ልጄ ስልክ ላይ ስትል እንደሰማሁ ነገርኩት፤ ፎጣውንም ጭምር። ያን ጊዜ ነው እሱም መሳቅ የጀመረው። «እማማ፣ እሷ የምትለው የሰው ጥርስ አይደለም። ባለፈው ጥርሷን ስሠራላት ‘እኛም እንዳንተ ጥርስ ሠሪዎች ነን’ እያለች ስታስቀኝ ነበር።» ከትሪው ላይ እንደ ስፒል አናት ያለች ደቃቃ ነገር በመቆንጠጫ አንስቶ አሳየኝ። «ይቺን ይዩአት። የሰው ጥርስ የምትቦረቡረው ይቺ ናት፤ ከዚያው ከነሱ ዓይነት ብረት የተሠራች። ትልልቆቹን፣ ብረት የሚቆርጡትን ነው እነሱ ጥርስ የሚሏቸው። ላያቸው ወርቅ የመሰለ ቅብ አለው፤ ቶርኖ ላይ ነው የሚገጠሙት።»

«ምን ላይ?»

«ቶርኖ ላይ። ልጅዎ የሚሠራበት ላይ።»

ልጄ እነዚያን ነገሮች ጥርስ ብሎ አያውቅም፤ የወርክሾፕ ሰው «ቢላ» ነው የሚላቸው። «ዛሬ ቢላው በላልኝ፣ ዛሬ ቢላው ዶለዶመ» ሲል የወጥ ቤት ቢላ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ጣቱን አሳየኝ ብዬዋለሁ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ አንዱ ቢላ ሲል ሌላዋ ጥርስ ስትል፣ ስለ አንድ ዕቃ እንደሚያወሩ ሳላውቅ ሾርባ ሳቀርብላቸው ኖሬያለሁ። ስለዚህ ያ ሊባረር ነው የተባለው ሰውዬ... ያ ማሽኑ ጥገና ላይ የሆነበት ሰውዬ... «እኔፍ?» አለ ወንበሩ ላይ ያለው በተከፈተ አፉ፤ «እኔስ?» ማለቱ ሳይሆን አይቀርም። አልጠበቅኩም። «ለልጅቷ፣ ከኔ ጋር አፏን ከፍታ ያወራችውን ከእርስዎ ጋር ዘግታም ቢሆን ታውራ ብሎሻል በሏት» አለኝ ሐኪሙ ከኋላዬ። ዳቦውን ረስቼ ደረጃውን ወጣሁት።

ልጄ በረንዳው ላይ ተንበርክኮ ያልተበላሸውን የበረንዳ በር ማጠፊያ ይፈታል። እጁ ሥራ ሲያጣ የቤት ዕቃ አያርፍም፤ ሰሞኑን የሁሉንም ወንበር እግር አጥብቋል፣ ቧንቧውን ዘይት ቀብቷል፣ ሰዓቱን ፈትቶ መልሶ ገጥሞ አንዲት ጥርስ... ይቅርታ፣ አንዲት ጥርሳም ነገር ተርፋው ኪሱ ከቷታል። አጠገቡ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። «አንተ ቢላ የምትለው፣ እሷ ጥርስ የምትለው ነው?» አልኩት። መፍቻው እጁ ላይ ቆመ። ሽምጥጥ አድርጎ ሊክደኝ አፉን ከፈተ፤ ጠዋት ያየሁት አፍ ነውና ከዚያ ወዲያ ሊዋሸኝ አልቻለም መሰለኝ፣ ዘጋው። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። አዲስ ካርቶን ጥርስ መጣ፤ ወርቃማ፣ የሚያምር። ገጥሞ ሲጀምር ድምፁ አላማረውም። አንድ የብረት ዘንግ ጠርቦ ሳይጨርስ ጠርዙ ይላጣል፣ ቀጥሎ ይፈረካከሳል። ሌላ ሲገጥም ያው። የደንበኛ ዘንግ ተበላሸ። የወርክሾፑ ባለቤት «ቶሎ ጨርሰህ ልትሄድ ፍጥነት ጨምረህ ነው ያቃጠልካቸው» አለው፤ ዕድሜ ልኩን ያልተባለውን ቃል። ነገሩ እስኪጣራ ቤትህ ተቀመጥ ተባለ። ዛሬ ከሰዓት ከፋብሪካው የፍተሻ ክፍል ሰው መጥቶ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ባለቤቱ ፊት ይናገራል።

«ከፍተሻ ክፍል ማን?»

ወደ ልጅቱ ክፍል በር አየ።

«ሠራተኛው አንተ እንደሆንክ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ማወቋንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አታናግራትም አንተ ድንጋይ?»

«ምን ብዬ?» አለ። «ለኔ ስትዪ ከሥራሽ ውጪ ልበላት? እዚህ ከተማ እሷ የተማረችውን የሚፈልግ ሌላ ፋብሪካ አለ? እኔ ካረጀሁ በኋላ የትም ገብቼ ብረት እልጋለሁ። አንቺም እንዳትነኪያት። ዝም በይ።»

ዝም በይ ማለት ለኔ! ወጥ ቤት ገብቼ ድንች መላጥ ጀመርኩ፤ ልጣጩን ከድንቹ የበለጠ አወፍረዋለሁ። አንዱን ብይዝ ሌላው ይወድቃል። ልጅቱ የታዘዘችውን ብትናገር አጎቷ በዚህ ዕድሜው ሰነፍና አበላሺ ተብሎ ይባረራል፤ እውነቱን ብትናገር እሷ ትባረራለች። ስታጠና ያመሸችባቸው ሌሊቶች፣ ከጎኗ ሆኜ መብራቱ ዓይኗን እንዳይጎዳው ስጨነቅ ያደርኩባቸው፣ ሁሉም ገደል ይገባሉ። ለማን ነው የምጸልየው? ለሁለቱም ብዬ ስጀምር ጸሎቱ እርስ በርሱ ይጣላብኛል። ጠላታችን ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምነኛ በተሻለ! ስልኳ ላይ ያለውን ሰውዬ ልረግመው ፈለግሁ፤ መልኩን ስለማላውቀው እርግማኑ አልሄድ አለኝ።

ለምሳ መጣች። ጃኬቷ እንዳልተቆለፈ ነው። እጇን ታጠበች፣ ተቀመጠች፤ ልጄም ከበረንዳው መጥቶ ተቀመጠ። የድንች ሾርባ አቀረብኩ። ማንኪያው ሳህን ሲነካ፣ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ወንበር ሲጎትቱ፣ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ሰማን። «ትራፊኩ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ደህና ነው።» «ዳቦ ረሳሁ» አልኩ። «ግድ የለም» አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ከዚያም አብረው በመናገራቸው አፈሩ። ልጄ ሾርባውን ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ፤ በሐሳብ ጨው ሳልጨምርበት ቀርቻለሁ። ወደኔ ዞር ብሎ «እማዬ፣ ጨ...» ሲል አላስጨረስኩትም። የጨው ዕቃውን አንስቼ መሃላቸው ላይ ዶቅ አድርጌ አስቀመጥኩትና ልጅቱን «አንሶታል ያልሽው ይሄ ነው?» አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱን በር፣ ቀጥሎ አሁንም እኔን አየችኝ። «ፎጣ ልታቀብዪኝ መጥተሽ ነበር» አለች።

«ብርድ እንዳይመታሽ ነዋ።»

እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን እንደተነፈሰ ፊኛ ትከሻዋ ወረደ። «እኛ ጋ ጨው የምንለው ጨው አይደለም እማማ» ብላ ጀመረች፤ ለኔ የምትናገር ትምሰል እንጂ ዓይኗ ወደ አጎቷ እጅ ነው። «ዱቄቱ አለ። ኮባልት የሚባል ማጣበቂያ አለ፤ እሱ ሲበዛ ብረቱ ይለሰልሳል፣ ሲያንስ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ተቀላቅለው ምድጃ ሲገቡ የዱቄቱ ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተዋዋጡ ያብጣሉ። እንዳያብጡ አንዲት ቁንጥር ነገር ትጨመራለች። ቫናዲየም ነው ስሟ፤ ቁንጥር ስለሆነች ጨው አልናት።»

«ታዲያ ረሷት?»

«አልረሷትም፣ አለቀች። የሚመጣው ዘገየ፣ ትእዛዙ ደግሞ አስቸኳይ ነበር፤ በተረፈቻቸው ግማሽ ጋገሩት። በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ሁሉም ደቃቅ መሆን ሲገባው፣ ጤፍ መሃል ባቄላ የተበተነበት መሰለኝ። አይላክ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ወርቅ አልብሳችሁ ላኩት አለ።»

ልጄ ከሸሚዙ ኪስ መሃረብ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣበትን ነገር ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ ከካፖርት ቁልፍ የማትበልጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ነገር፣ እንደ ጌጥ የምታብረቀርቅ፣ አንዱ ጥጓ ግን ተገምጦ ውስጧ ግራጫ ሆኖ ይታያል። «ወርቁስ?» አለ። ሰሞኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ለሷ የተናገረው ቃል ይህ ነው። «ወርቁ ምንም አልረዳው?»

«ወርቁ ልብስ ነው ጋሼ። የቲታኒየም ቅብ ነው፤ ግለቱንና ፍትጊያውን ይችልለታል። ደህና ገላ ላይ ሲሆን ዕድሜውን ያረዝመዋል፤ አንተም ታውቀዋለህ። የዚህ ግን ከሥር ጠርዙ ይላሽቃል። ጠርዙ ሲሰምጥ ቅቡ አብሮት አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። ባቄላዎቹ ያሉበት ቦታ ደግሞ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሄድና...»

«እኔም እኮ ድምፁን ስሰማ ይሄ ነገር ሆዱን ታሟል ብያለሁ!» ልጄ ጠረጴዛውን ሲመታው የሚያነክሰው እግር ዘለለ። «ፍጥነት ቀነስኩ፣ የማቀዝቀዣ ውኃውን ጨመርኩ፣ ያው ነው! እብድ ልሆን ነበር እኮ ዱቄቷ። እጄ ከዳኝ ብዬ ነበር።»

«እጅህ ምንም አልሆነም ጋሼ ፍቅፋቂ።»

ሾርባው እየቀዘቀዘ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም። እሱ በማንኪያ ጫፍ፣ እሷ በጣቷ፣ ያችን ቁራጭ እያገላበጡ፣ አንዱ ቢላ እያለ ሌላዋ ጥርስ እያለች ሲንጫጩ ቤቱ ሞቀ። እንዲህ እንዳሉ ቢመሽልኝ ምን ነበረበት! እሷ ግን ድንገት ቁራጯን ተወችው። ፊቱን ቀና ብላ ማየት ከተወች ሰንብታ ነበርና፣ ቅንድቡን ገና አሁን ማየቷ ነው። «ምን ነካህ?»

«የቁም ሣጥን በር።»

«ካልሲ የለበሰው?»

«ከመልበሱ በፊት።»

እጇን ዘርግታ ቁስሉን ሳትነካ በላዩ ላይ በጣቷ አሳየችኝ፤ ጠባብ፣ ስል፣ ከቅንድቡ ወደ ዓይኑ የወረደች ጭረት። «በር እንዲህ አይቆርጥም እማማ። ጥርሱ ሲፈርስ ስንጥሩ ነው። መነጽርህስ?» ልጄ ጨነቀው። መነጽሩን ስንጥሩ ገጭቶ እንደሰበረውና ባይኖር ኖሮ ዓይኑን ያገኘው እንደነበር ሲናገር ድምፁ ከሾርባው በላይ አልወጣም። ካልሲ የሰፋሁበት እጄ ጉልበቴ ላይ በድን ሆነ።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማንም አላነሳውም፤ እስኪበቃው ተንቀጥቅጦ ዝም አለ። «እየጠበቁኝ ነው» አለች። «ሄጄ ፍጥነት በዝቶ ነው እንድል ነው የሚፈልጉት።»

«በያቸዋ» አለ ልጄ። «እንዲያውም አትልፊ። እኔ ቀድሜሽ እሄዳለሁ። ጨምሬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ እላለሁ፤ በዚያው ያልቃል። አንቺም ሳትዋሺ፣ ሥራሽንም ሳታጪ።»

«አይሆንም።»

«ሸሚዝ ልቀይር።»

«ጋሼ፣ ከዚያ ምድጃ የወጣው ሁሉ እናንተ ጋ ብቻ አይደለም የተላከው። ሌላም ወርክሾፕ ሄዷል። አንተ እኔ ነኝ ካልክ ማንም አይሰበስበውም።»

«ለሱ እነሱ ይጨነቁበት!»

ሁለቱም ተነሱ፤ እሷ ወደ ጃኬቷ፣ እሱ ወደ ክፍሉ። እኔ ግን ከሁለቱም ቀደምኩ። በዚህ ጉልበት ያን ያህል እሮጣለሁ ብዬ አላስብም ነበር። የውጪውን በር ቆልፌ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። «ማንም አይወጣም» አልኩ። «ሾርባችሁን ትጨርሳላችሁ።» ልጄ «እማዬ፣ ቁልፉን አምጪ» አለ፤ «እማማ፣ ሰዓት ሄደ» አለች። «ይሂድ!» አልኳቸው። «ሰዓቱ ይሂድ፣ እናንተ እዚሁ ሁኑ።» በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቆምኩ። ልጄ ራሱን ነቀነቀና፣ እንደሚያሸንፈኝ ሲያውቅ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ሊለብስ ክፍሉ ገባ። መሳቢያ ሲከፍት ሲዘጋ ይሰማል። ልጅቱ ፊቴ ቆማለች። አልለመነችኝም፤ ቢሆን ደስ ባለኝ፣ ስትለምነኝ እምቢ ማለት እችልበታለሁ። መሃረቡን ብቻ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጋ እየጠቀለለች ነው።

የሌላ ሰው ልጅ መጣብኝ። የት እንደሆነ እንጃ፣ ማሽን ፊት ቆሞ፣ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ያችን የምታብረቀርቅ ነገር የሚገጥም። መነጽር ያድርግ አያድርግ የማላውቀው። እናቱም ማታ የቁም ሣጥን በር ነው ብሎ የሚነግራት። እንዲህ ነኝ እኔ፤ የማላውቀውን ሰው ሳይቀር ካልተጨነቅኩለት አላርፍም።

«እማዬ!» አለ ልጄ ከውስጥ። «ሰማያዊው ሸሚዜ የት ነው?»

ሸሚዙ በረንዳው ገመድ ላይ እንደተሰጣ፣ እጅጌው በነፋስ ሲወዛወዝ ከቆምኩበት ይታየኛል። «ከታጠፉት ውስጥ ፈልግ» አልኩት።

«እዚያ የለም እኮ!»

«ደህና አድርገህ ፈልግ፣ ከሥር ነው!»

ቁልፉን ከደረቴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩት። ብዙ የምላት ነበረኝ፤ ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ቢጮሁብሽ አትመልሺ፣ ቢያባርሩሽም ቤት አለሽ። ከበሩ ላይ ጀርባዬን አነሳሁና ወደ ጎን ቆምኩ። እሷም አየችኝ። መሃረቡን ኪሷ ከተተች፣ ቁልፉን በቀዳዳው ውስጥ ድምፅ እንዳይሰማ በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው፣ ልጄ ውስጥ ሆኖ «ኧረ የለም እማዬ!» እያለ መሳቢያውን ሲያተራምስ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።